«ኢንተርኔት ያለው» የጨዋታ ማሽን ዋጋው ስንት ነው?



ከሦስት ሳምንት በፊት የአምስተኛ ክፍል ልጆችን አሰናብቼ ሰሌዳውን በማጥፋት ላይ ሳለሁ አንዲት እናት በር ላይ ቆመው ጠሩኝ። በእጃቸው ትንሿን ስልካቸውን ይዘዋል። በአሜሪካ የሚኖረው ወንድማቸው ደውሎ እንዲህ ብሏቸዋል፦ «የሥራ ባልደረባዬ ልጆቹ የተዉትን የጨዋታ ማሽን በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፤ ኢንተርኔትም ይከፍታል። ኮምፒዩተር በይው። በዚህ ወርና በሚቀጥለው ወር በምልክልሽ ገንዘብ ፈንታ እሱን ገዝቼ ልላክልሽ ወይስ ገንዘቡ ይሻላል?»

እናትየዋም «መምህር፣ እውነት ኢንተርኔት ይከፍታል? ልጆቼ ይማሩበታል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ቸኩዬ ነበርና «አዎ፣ ይከፍታል» ብዬ መለስኩላቸው። አመስግነውኝ ሄዱ።

ማታ ጋደም ስል ግን ነገሩ ከነከነኝ። የተናገርኩት ውሸት አልነበረም። ነገር ግን የሁለት ወር ቀለብ የሚወስን ሰው የጠየቀኝን ጥያቄ በአንድ ቃል መልሼ መሸኘቴ ልክ አልነበረም። «ይከፍታል» እና «ይጠቅማል» የተለያዩ ቃላት ናቸው። በማግሥቱ ሄጄ በዝርዝር ነገርኳቸው። ለእሳቸው የነገርኩትን፣ ከዚያም በላይ ያለውን፣ ለሁላችሁም ይጠቅማል በማለት እነሆ ጽፌዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ የማሽኑን ነገር እንመልከት። አዲስ አበባን የምታውቁ «ፕሌይስቴሽን ቤት» የሚባለውን ታስታውሳላችሁ፤ ልጆች ሳንቲም ከፍለው በጆይስቲክ ኳስ የሚጫወቱበት ቤት ነው። ፕሌይስቴሽን ሶኒ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራው ማሽን ስም ነው። ሌሎችም አሉ፦ የኒንቴንዶ «ዊ»፣ የማይክሮሶፍት «ኤክስቦክስ»፣ ዛሬ ማሽን መሥራቱን የተወው የሴጋ «ድሪምካስት»። ሁሉም ውስጣቸው ሲታይ ኮምፒዩተሮች ናቸው። የሚያስብ ክፍል አላቸው፣ ሚሞሪ አላቸው፣ ሥዕል ወደ ቴሌቪዥን ይልካሉ። የጎደላቸው ኪቦርድ፣ የራሳቸው ስክሪንና የፈለጋችሁትን ፕሮግራም የመጫን ነፃነት ነው። በማሽኑ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ኩባንያው ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ የዋጋው ነገር በሙሉ ከዚህች የሚመነጭ ነው።

ለመሆኑ ብራውዘር ምንድን ነው? ብራውዘር ማለት የኢንተርኔት ገጾችን የሚያሳየን ፕሮግራም ነው። በሩቅ ላለ ኮምፒዩተር «ይህን ገጽ ላክልኝ» ብሎ ይጠይቃል። የሚመጣለት ግን ያለቀለት ሥዕል አይደለም። የሚመጣለት ጽሑፍና ትእዛዝ ነው፦ ይህ ርእስ ነው፣ ጎላ አድርገው፤ እዚህ ፎቶግራፍ አለ፣ ከዚያ አምጣው፤ ይህ ሲነካ ያ ይከፈት። ብራውዘሩ እንደ አናጺ ነው። እንጨቱና የቤቱ ንድፍ ይላክለታል፤ ቤቱን የሚሠራው እርሱ ራሱ እናንተ ዘንድ ሆኖ ነው። እንግዲህ አናጺው የሠለጠነው ከሃያ ዓመት በፊት ከሆነና ንድፉ የተሣለው ትናንት ከሆነ፣ ያልገባውን እየዘለለ ይሠራል። ጣራው ሊጎድል ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም በሩ ይጎድልና መግባት አይቻልም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ።

የጨዋታ ማሽንን ከኢንተርኔት ጋር የማገናኘት ሐሳብ ብዙዎች እንደሚገምቱት አዲስ አይደለም። በ1996 አፕልና ባንዳይ የተባሉ ሁለት ኩባንያዎች «ፒፒን» የተባለ ማሽን በአሜሪካ በ599 ዶላር አወጡ። ጨዋታም ኢንተርኔትም አለው ተባለ። በዓለም ዙሪያ የተሸጠው 42,000 ያህል ብቻ ነበር፤ ከገበያም ጠፋ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መጨረሻ ሴጋ «ሳተርን» ለሚባለው ማሽኑ ኔት ሊንክ የተባለ ሞደም ከነብራውዘሩ በ199 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ ሳተርን ራሱ ዋጋው ወርዶ የሚሸጠው በዚሁ ገንዘብ ገደማ ነበር። ስለዚህ ኢንተርኔት የፈለገ ሰው ማሽኑን ሁለት ጊዜ እንደ መግዛት ነበር። የሞደሙ ፍጥነት በሴኮንድ 28.8 ኪሎቢት ነበር። የሒሳብ ተማሪዎች፣ እስቲ አስሉት፦ አንድ ሜጋባይት የሚሆን ፎቶግራፍ 8 ሚሊዮን ቢት ነው። ለ28,800 ስታካፍሉት 278 ሴኮንድ ይሆናል፤ ከአራት ደቂቃ ተኩል በላይ ማለት ነው፤ ያውም መስመሩ ከቶ ካልተቋረጠ።

ሴጋ ከዚህ ተምሮ ይመስላል፣ ቀጥሎ ያወጣው ድሪምካስት ሞደሙን በሆዱ ይዞ መጣ። በአሜሪካ በመስከረም 1999 በ199 ዶላር ሲወጣ የብራውዘሩ ዲስክ አብሮት ነበር። «ነፃ» የሚለውን ቃል የምናገኘው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ዲስኩ ነፃ ቢሆንም መስመሩ ነፃ አልነበረም። ሴጋ በ2000 የከፈተው የራሱ የኢንተርኔት አገልግሎት በወር 21.95 ዶላር ያስከፍል ነበር። ይህን በ12 አባዙት፦ 263 ዶላር ከ40 ሳንቲም። የአንድ ዓመት መስመር ከማሽኑ በላይ ወጣ። በርግጥ ከሌላ ድርጅት መስመር መግዛትም ይቻል ነበር። ድሪምካስትም በ2001 መመረቱ ቆመ።

አንድ ነገር በመሐል ልጨምር፤ ከዋጋ ጋር አይገናኝም፣ ነገር ግን ፊደላችንን ይመለከታል። ኮምፒዩተሮች የየአገሩን ፊደል የሚለዩበት «ዩኒኮድ» የሚባል የጋራ ሠንጠረዥ አለ። የግዕዝ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ስለዚህ በ1996 የወጣው የሳተርን ብራውዘር ሀ ሁ ሂን በዚህ ሠንጠረዥ ሊያውቅ ከቶ አይችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠራ ማሽንም ቢሆን የፊደሉ ቅርጽ ካልተጫነበት በአማርኛ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ደርድሮ ያሳያል። «ኢንተርኔት አለው» ሲባል «አማርኛ ያነባል» ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረው የዊ ታሪክ ነው፤ የእኚህ እናት ወንድም ሊልከው ያሰበውም እርሱው ሆኖ ተገኝቷል። ዊ በአሜሪካ በኅዳር 2006 በ250 ዶላር ወጣ። ዋይፋይ አለው። ብራውዘሩን የሠራው ኦፔራ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ ነው። በታኅሣሥ 2006 የሙከራው ብራውዘር በነፃ ተሰጠ። በሚያዝያ 2007 የተሟላው ወጣ፤ እርሱም ነፃ ነበር፤ ነገር ግን እስከ ሰኔ 30 ብቻ። ከዚያ ቀን በኋላ የመጣ 500 ፖይንት ይከፍላል ተባለ።

ፖይንት ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ኒንቴንዶ በማሽኑ ውስጥ ባለው ሱቅ በዶላር በቀጥታ አይሸጥም ነበር። መጀመሪያ ዶላራችሁን ወደ ፖይንት ትለውጣላችሁ፤ አንድ መቶ ፖይንት አንድ ዶላር ነው። ስለዚህ ብራውዘሩ አምስት ዶላር መሆኑ ነው። አምስት ዶላር ብዙ አይመስልም። ግን 500 ፖይንት ብቻውን አይሸጥም፤ በማሽኑ ላይ በባንክ ካርድ ሲገዛ ዝቅተኛው 1,000 ነበር፤ በመደብር የሚሸጠው ካርድ ደግሞ 2,000 ፖይንት በ20 ዶላር ነበር። የአምስት ዶላር ዕቃ የፈለገ ሰው አሥር ወይም ሃያ ዶላር አውጥቶ የተረፈውን እዚያው ሱቅ ውስጥ ያስቀምጣል። የተረፈው ደግሞ ሌላ ጨዋታ ያስገዛዋል። ይህን ዘዴ በገበያችን ያለ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል፦ «መልስ የለኝም፣ በመልሱ ማስቲካ ውሰድ» እንደሚለው ያለ ነው።

እኔን የሚገርመኝ የዋጋው ትንሽነት ሳይሆን የጊዜው አመዳደብ ነው። ቀድሞ የመጣ በነፃ አገኘ፤ ማሽኑን በሐምሌ የገዛ ያንኑ ዕቃ በገንዘብ ገዛ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2009፣ ኒንቴንዶ ብራውዘሩን እንደገና ለሁሉም ነፃ አደረገው። ከፍለው ለነበሩትስ? ገንዘባቸው በገንዘብነቱ አልተመለሰም፤ 500 ፖይንት የሚያወጣ አንድ የድሮ ጨዋታ በነፃ እንዲያወርዱ ተፈቀደላቸው። ምንም ካለመካስ ይሻላል። ይሁን እንጂ ለብራውዘር የከፈለን ሰው በጨዋታ መካስ እውነተኛ ተመላሽ ነው ወይ የሚለውን ለእናንተ እተወዋለሁ፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ቢከራከሩበት ደስ ይለኛል።

ሶኒ በሌላ መንገድ ሄደ። ፕሌይስቴሽን 3 በዚያው በ2006 ሲወጣ ብራውዘሩ ከመጀመሪያው ቀን ውስጡ ነበር፤ ለብቻው ዋጋ አልተጠየቀበትም። የማሽኑ ዋጋ ግን በአሜሪካ አነስተኛው 499፣ ትልቁ 599 ዶላር ነበር። ከዊ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። «ብራውዘሩ ነፃ ነው» ማለት ይቻላል፤ ብራውዘሩ ዋጋው ውስጥ ተቀብሯል ማለትም ይቻላል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የማይክሮሶፍቱ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ለኤክስቦክስ 360 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተባለው ብራውዘር የመጣው በጥቅምት 2012 ነው። ለማውረድ ዋጋ የለውም። ለመክፈት ግን «ጎልድ» የሚባል አባልነት ያስፈልግ ነበር፤ ይህም በዓመት 60 ዶላር ነበር። እንግዲህ አስቡት፦ ሰውዬው ማሽኑን ገዝቷል፣ ለኢንተርኔት መስመሩ በየወሩ ይከፍላል፣ በሌላ በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ያለ ክፍያ የሚከፈተውን ገጽ በዚህ ማሽን ለማየት እንደገና የዓመት ክፍያ ይጠየቃል። ለፍትሕ ያህል መናገር ያለብኝ ጎልድ ለብራውዘር ብቻ አልነበረም፤ ከሩቅ ሰው ጋር መጫወትንም ይፈቅድ ነበር። መጫወት ለማይፈልግና ማንበብ ብቻ ለሚሻ ሰው ግን አምስቱን የኒንቴንዶ ዶላር የሚያስመሰግን ነው። በሰኔ 2014 ማይክሮሶፍት ይህን ግዴታ አነሣ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ማሽኖች ሁለት ወገን ሆነዋል። የኤክስቦክስ አዲሶቹ እስከ ዛሬ ብራውዘር አላቸው፤ ክፍያም የለውም። በ2017 የወጣው የኒንቴንዶ ስዊችና በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ግን ተጠቃሚው የሚከፍተው ብራውዘር በገበታቸው ላይ የለም። ለምን? ኩባንያዎቹ ሁሉን አይናገሩም፤ እኔ የማየው ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ብራውዘር ከውጭ የሚመጣን ነገር ሁሉ የሚቀበል በር ነው፤ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሰዎች በዚሁ በር ገብተው የማሽኑን ቁልፍ እንደ ሰበሩ የታወቀ ነው። ሁለተኛው፣ ዛሬ ሁሉም በእጁ ስልክ ይዟል። በ1996 ቤቱ ኮምፒዩተር ለሌለው ሰው የጨዋታ ማሽን ኢንተርኔት ትልቅ ተስፋ ነበር። አሁን ያን ቦታ ስልክ ወስዶታል።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ በእኛ ሰፈር ዋጋው ስንት ይሆናል? ለእናትየዋ በዝርዝር የነገርኳቸው ይህንን ነው።

ማሽኑ ቴሌቪዥን ይፈልጋል። ማሽኑ መብራት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 3 በሚጫወትበት ጊዜ ወደ 200 ዋት ይበላ ነበር፤ ዊ ግን ከ20 ዋት በታች ነው። 50 ዋት የሚሰጥ ሶላር ላላት ቤት ይህ ልዩነት የሰማይና የምድር ነው፤ በዚያ ላይ ቴሌቪዥኑ የራሱን ይጠይቃል። ከአሜሪካ የሚመጣ ማሽን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ በእኛ አካባቢ ከጄኔሬተርም ሆነ ከመስመር የሚመጣው ከ220 እስከ 240 ነው። የዊ የአሜሪካ አዳፕተር ለ120 ብቻ የተሠራ ነው። እዚህ አምጥታችሁ በቀጥታ ብትሰኩት ኢንተርኔቱን ሳታዩ ጭሱን ታያላችሁ። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር መግዛት ግድ ይሆናል።

ከዚያ መስመሩ አለ። ዊ ሲም ካርድ አይቀበልም፤ ዋይፋይ ይፈልጋል። በሰፈራችን ብዙው ሰው ዋይፋይ የሚያገኘው ከስማርት ስልክ ሆትስፖት ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ማሽኑ ገጽ እንዲከፍት አጠገቡ ስማርት ስልክ መኖር አለበት፤ ያ ስልክ ግን ራሱ ብራውዘር አለው፤ ያውም የተሻለ፣ አማርኛም የሚያነብ። ውኃ ለመቅዳት ምንጩን ተሻግሮ ወደ ኩሬ እንደ መሄድ ነው።

በመጨረሻም የአናጺው ነገር አለ። የዊ ብራውዘር ከ2009 ወዲህ አዲስ ነገር ያልተማረ ነው። የማሽኑ ሚሞሪ በጠቅላላው 88 ሜጋባይት ነው፤ የዛሬ ገጽ አንዱ ብቻውን ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። የዛሬ ገጾች አብዛኞቹ ደግሞ ሰው መሐል ገብቶ እንዳያነብባቸው በምሥጢር ቁልፍ ተዘግተው ነው የሚላኩት። ከዚህ ቁልፍ የድሮዎቹን ዓይነቶች ትልልቆቹ ብራውዘሮች በ2020 ገደማ መቀበል አቁመዋል፤ ገጾቹም እንዲሁ እየተዉአቸው ነው። የድሮ ቁልፍ ብቻ የያዘ ማሽን በር ላይ ይመለሳል። ከዚህም በላይ ዊ ብራውዘሩን የሚያወርድበት ሱቅ በጥር 2019 ተዘግቷል፤ ስለዚህ የቀድሞው ባለቤት ብራውዘሩን አስቀድሞ ካላወረደው፣ አገኘዋለሁ ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ።

ይህን ስል ማሽኑ ዋጋ ቢስ ነው ማለቴ አይደለም። ልጆች መጫወት አለባቸው፤ ዝናብ በሚዘንብበት ሰዓት አሥር ልጅ በአንድ ቤት ሰብስቦ የሚያስቅ ዕቃ ትንሽ ነገር አይደለም። በጨዋታነቱ የሚላክ ከሆነ በደስታ ተቀበሉት። በኮምፒዩተርነት ስም የሁለት ወር ቀለብ ከፍላችሁ ግን አትቀበሉት። ከዘመድ ጋር ስትነጋገሩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የማሽኑ ስም ምንድን ነው? በአዳፕተሩ ጀርባ የተጻፈው ቮልት ስንት ነው? ብራውዘሩስ አሁን፣ ዛሬ፣ ይከፈታል ወይ? ሦስተኛውን «ሞክረህ ንገረኝ» በሉት እንጂ በወሬ አትቀበሉ።

እኚህ እናት ሦስቱንም ጥያቄ ለወንድማቸው አደረሱ። እርሱም በማግሥቱ ደወለ። ማሽኑ ዊ ነው፤ አዳፕተሩ 120 ይላል፤ የብራውዘሩ ምልክት ስክሪኑ ላይ የለም። «ሴትዮ፣ ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?» ብሎ ሳቀ አሉ። ገንዘቡም እንደ ወትሮው እንዲላክ ተስማሙ። ትልቁ ልጃቸው ግን ነገሩን ያፈረስኩት እኔ መሆኔን ስለ ሰማ ይኸው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞርብኛል። አልፈርድበትም፤ በእሱ ዕድሜ ብሆን እኔም አኮርፍ ነበር።

ከውጭ የተላከ ማሽን፣ ስልክ ወይም ሬዲዮ ቤታችሁ ካለና የአዳፕተሩን ጽሑፍ ማንበብ ካስቸገራችሁ፣ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በአምስተኛ ክፍል ስለምገኝ ይዛችሁ ኑ። ከመሰካታችሁ በፊት ይሁን።